ሰመመን በምን ይሰፈራል?

ዓይኑን ጨፍኖ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አሁን አምስተኛ ክፍል ነህ ይባላል። ወረቀትና እርሳስ ይሰጠውና ስሙን ይጽፋል። ቀጥሎ ሁለተኛ ክፍል ነህ ይባላል፤ እንደገና ይጽፋል። ጽሑፉ ዛሬ ከሚጽፈው በግልጽ ከተለየ አንድ ነጥብ ያገኛል። በሌላው ፈተና ደግሞ ቢንቢ እየዞረችህ ነው ይባላል፤ በእጁ ካባረራት ወይም ፊቱን ካጨማደደ ሌላ ነጥብ ይጨመርለታል። እነዚህ ፈተናዎች የሚገኙት አንድሬ ዋይትዘንሆፈር እና ኧርነስት ሂልጋርድ እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባዘጋጁት፣ «ቅጽ ሲ» ተብሎ በሚታወቀው መለኪያ ውስጥ ነው። አሥራ ሁለት ፈተናዎች አሉት፤ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ሰው ለሂፕኖሲስ ምን ያህል ምላሽ እንደሚሰጥ ለመለካት እስከ ዛሬ ተመራማሪዎች በዋናነት የሚጠቅሱት ሚዛን ነው። እንግዲህ ይህን ሚዛን ይዘን በአማራ ክልል፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ወደምትገኘው ከሚሴ እንምጣ። ከዳዋ ጨፋ ወይም ከአርጡማ ፉርሲ ገጠር ለሕክምና የመጡ፣ ደብተር ይዘው ክፍል ገብተው የማያውቁ አዛውንት ወደ የትኛው ሁለተኛ ክፍል ይመለሳሉ? በቦርከና ዳር፣ በጨፋ ረግረግ አጠገብ ልጅ ላሳደገች እናት የቢንቢ ድምፅ ወባንና የሌሊት ትኩሳትን ያስታውሳል፤ ለካሊፎርኒያ ተማሪ ግን የሚያስቸግር ድምፅ ብቻ ነው። እኚህ አዛውንትና ይህች እናት ዝቅተኛም ሆነ ከፍተኛ ነጥብ ቢያገኙ፣ ነጥቡ የለካው ምናቸውን ነው?

ጥያቄው የፈተና ቃላትን ከመቀያየር ያለፈ ነው። ሂፕኖሲስ በሕክምና ውስጥ ቦታ ያገኘው ሕመምን ስለሚያስታግስ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚመጣውን ፍርሃት ስለሚያረግብ፣ ሥር የሰደደ የአንጀት ሕመምን ስለሚያቀል ነው። በአማርኛ ብዙ ጊዜ ሰመመን እንለዋለን፤ ቃሉ ግን መደንዘዝንና ራስን መሳትን ስለሚያመለክት ግማሹን እውነት ይሸፍናል። ሰውየው አይተኛም፤ ይሰማል፤ ካልፈለገ እምቢ ይላል። የሚሆነው ነገር ትኩረቱ ወደ አንድ ነጥብ ተሰብስቦ፣ የሚነገረው ቃል ስሜቱንና ሰውነቱን በቀላሉ እንዲያገኝ መሆኑ ነው። ለዚህ ተመስጦ የሚለው ቃላችን ይቀርባል፤ ስለዚህ ሰው ወደዚህ ሁኔታ የመግባትና ለሚነገረው ጥቆማ ምላሽ የመስጠት ዝንባሌውን ተመሳጭነት እለዋለሁ። የማምንበትንም ከወዲሁ ልናገር፦ ተመሳጭነትን መለካት ለምርምር ይጠቅማል፤ በሕክምና ክፍል በር ላይ ቆሞ ማን ይግባ ማን ይመለስ የሚል ዘበኛ ግን መሆን የለበትም። እንደ ከሚሴ ባለ ቦታ ደግሞ ነጥቡ የታካሚውን ችሎታ ከመንገሩ በፊት በታካሚውና በለኪው መካከል ያለውን ርቀት ይነግረናል።

ይህ ርቀት ከመለኪያው ታሪክ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1784 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ የሐኪሙን የፍራንዝ መስመርን «የእንስሳት ማግኔት»፣ የሂፕኖሲስን ቅድመ አያት፣ የሚመረምር ጉባኤ ሾመ፤ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ኬሚስቱ ላቯዚየ ከአባላቱ ነበሩ። አንድ ልጅ ዓይኑ ታስሮ ወደ ዛፎች ተወሰደ፤ ከዛፎቹ «ማግኔት የገባበት» አንዱ ብቻ ነበር። ልጁ ምንም ባልተደረገበት ዛፍ ሥር ራሱን ስቶ ወደቀ። ጉባኤው ውጤቱን ለሰው ምናብ ሰጠና ጉዳዩን ዘጋ፤ ምናብ ብቻውን ሰውን መጣል ከቻለ ያ በራሱ ሊጠና የሚገባው ታላቅ ነገር መሆኑን ግን አለፈው። መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ በናንሲ ከተማ የገጠር ድሆችን በነፃ ያክም የነበረው ሊየቦ፣ ከእሱም የተማረው ፕሮፌሰር በርንሃይም፣ ታካሚዎቻቸውን እንደ ተመስጧቸው ጥልቀት በደረጃ መደቡ። የዛሬዎቹ ሚዛኖች ከዚያ የደረጃ አሰጣጥ የወረዱ ናቸው። በርንሃይም በፓሪስ ከነበረው ከሐኪሙ ከሻርኮ ጋር ተሟግቶ ተመስጦ የበሽታ ምልክት ሳይሆን የጤነኛ ሰው ጠባይ መሆኑን አሳይቷል፤ ለዚህም ውለታው ትልቅ ነው። ነገር ግን ራሱ በርንሃይም መታዘዝ የለመዱ ሰዎች፣ ወታደሮችና ሠራተኞች፣ ከሌሎች ይልቅ ቶሎ እንደሚመሰጡ ጽፏል። ይህ ምልከታ ከሁሉም በላይ ሊያሳስበን ይገባል። በነፃ አልጋ ላይ የተኛ ድሃ፣ ነጭ ጋዋን ለብሶ ለቆመ ሐኪም እሺ ሲል፣ ከተመስጦው ምን ያህሉ ተመስጦ ነው፤ ምን ያህሉስ አክብሮትና ፍርሃት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በሕንድ ቤንጋል የሆነውም ይኸው ነው። ስኮትላንዳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጄምስ ኤስዴል ኤተርና ክሎሮፎርም ከመስፋፋታቸው በፊት በመስመር ዘዴ ብቻ ብዙ ከባድ ቀዶ ሕክምናዎች አደረገ። ተቃዋሚዎቹ ሕንዶቹ ሐኪሙን ለማስደሰት ሕመሙን ደብቀዋል አሉ። ደጋፊም ተቃዋሚም ስለ ታካሚዎቹ ተከራከረ፤ በገዛ ቋንቋቸው፣ በሚያምኑት ሰው አማካይነት፣ ምን ተሰማችሁ ብሎ መጠየቅ ግን የክርክሩ ማዕከል አልሆነም። ይህን የማነሣው ያኔ የተሠራው ስሕተት ዛሬ በመልካም ልብ ሊደገም ስለሚችል ነው።

ለመለኪያዎቹም ተገቢውን ክብር መስጠት ያስፈልጋል። ዋይትዘንሆፈርና ሂልጋርድ እ.ኤ.አ. በ1959 ቅጽ ኤና ቢን ሲያወጡ፣ ሮናልድ ሾርና ኤሚሊ ኦርን ደግሞ በ1962 ለቡድን የሚሰጠውን የሃርቫርድ መለኪያ ሲያዘጋጁ፣ በወሬና በመድረክ ትርኢት ተሸፍኖ የቆየውን ነገር ሊደገምና ሊመሳከር ወደሚችል ቁጥር አመጡት። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ከመካከለኛው አካባቢ እንደሚገኝ፣ እጅግ ከፍተኛና እጅግ ዝቅተኛ የሚሆኑት ጥቂቶች እንደሆኑ ታወቀ። ፒቾኔ፣ ሂልጋርድና ዚምባርዶ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት ጥናት፣ ተማሪ ሳሉ የተለኩ 50 ሰዎች ከ25 ዓመት በኋላ እንደገና ሲለኩ የሁለቱ ነጥቦች ዝምድና 0.71 ሆነ። ይህ ለሥነ ልቦና መለኪያ እጅግ የሚያስደንቅ ጽናት ነው። ለክሊኒክ ተብለው ያጠሩትም መጡ፦ አምስት ፈተናዎች ያሉትና ሃያ ደቂቃ ያህል የሚወስደው የስታንፎርድ የክሊኒክ መለኪያ፣ እንዲሁም ኸርበርት ስፒግል ያዘጋጀው ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ምርመራ። የስፒግል ዘዴ ታካሚው ወደ ላይ እያየ ዓይኑን ቀስ አድርጎ ሲዘጋ የሚታየውን የዓይን ነጭ ይለካል። ትራኮማ በሰፊው ባለበት በአማራ ክልል፣ ቆብ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ለሚወጋው ሰው ይህ ምርመራ ምን ማለት እንደሆነ ለማሰብ የዓይን ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ፤ ነጥቡ ታካሚው ይጠቀም አይጠቀም እንደሆነ ይተነብያል ወይ? በላቦራቶሪ ውስጥ መልሱ አዎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ቶምፕሰንና ባልደረቦቹ 85 ሙከራዎችንና 3,632 ተሳታፊዎችን አጠቃለው ሲያዩ፣ ቀጥተኛ የሕመም ማስታገሻ ጥቆማ ሲሰጥ ከፍተኛ ተመሳጭነት ያላቸው ሰዎች ሕመም በ42 ከመቶ፣ የመካከለኞቹ በ29 ከመቶ ቀንሷል፤ ዝቅተኞቹ ያገኙት ጥቅም ትንሽ ነበር። ነገር ግን ያ ለሙከራ ሲባል በበጎ ፈቃደኞች ላይ የተፈጠረ ሕመም ነው። በእውነተኛ ታካሚዎች ላይ ሞንትጎመሪ፣ ሽኑርና ዴቪድ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሉትን ጥናቶች ሲያጠቃልሉ በነጥቡና በሕክምናው ውጤት መካከል ያገኙት ዝምድና 0.24 ብቻ ሆነ። በቀላል ስሌት፣ ታካሚዎች ባገኙት ጥቅም ላይ ከታየው ልዩነት በተመሳጭነት ነጥብ የሚብራራው ስድስት ከመቶ ያህሉ ነው። የቀረው ከዘጠና ከመቶ በላይ በሌላ ነገር ላይ ይንጠለጠላል፦ በሕመሙ ዓይነት፣ በሐኪሙ አነጋገር፣ በታካሚው ተስፋ፣ አልጋው አጠገብ በተቀመጠው አስታማሚ። አጥኚዎቹም ራሳቸው ነጥቡ በክሊኒክ ውስጥ ለመለካት የሚወጣውን ጊዜ የሚክስ ጥቅም እንዳለው ተጠራጥረዋል። በበኩሌ ይህን ቁጥር ካየሁ በኋላ በነጥብ ታካሚን መምረጥ ተገቢ ነው የሚል ክርክር ሊያሳምነኝ አልቻለም።

ጊዜውንም እንመዝነው። ሞንትጎመሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት 200 የጡት ቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ተሳትፈዋል፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት 15 ደቂቃ ሂፕኖሲስ ያገኙት ሴቶች ከሌሎቹ ያነሰ ሕመም፣ ማቅለሽለሽና ድካም ተሰምቷቸዋል፤ የወሰዱት ማደንዘዣም አንሷል። ሕክምናው አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ዋናው መለኪያ አንድ ሰዓት ነው፤ ለክሊኒክ ያጠረው የስታንፎርድ መለኪያም ሃያ ደቂቃ። አንዲት ነርስ በአንድ ፈረቃ ብዙ አልጋ በምትመለከትበት ሆስፒታል ውስጥ፣ ለመለካት በሚጠፋው ሰዓት አራት ሰዎችን ማከም ይቻላል ማለት ነው። የሚቃወመኝ ሰው እዚህ ላይ ጥሩ ጥያቄ ያነሣል፦ ጊዜ ጠባብ ከሆነ፣ ያንን ጠባብ ጊዜ ይበልጥ ለሚጠቀመው ሰው ለመስጠት መምረጥ አይሻልም? ምርጫው ዋጋው ርካሽና ትክክለኛ ቢሆን ኖሮ እስማማ ነበር። የደም ግፊትን ስንለካ መሣሪያው የታካሚውን ቋንቋ፣ ትምህርትና እፍረት አይጠይቅም፤ በአንድ ደቂቃም ይጨርሳል። የስታንፎርድ የተመሳጭነት መለኪያ ግን ከሚያከፋፍለው ሕክምና ራሱ የበለጠ ውድ ነው፤ በሚያከፋፍልበትም ትክክለኛነቱ ደካማ ነው።

እስካሁን ያልኩት ለኒውዮርክም ለከሚሴም ይሠራል። የእኛ አገር ማስረጃ የሚጨምረው ሌላ ነገር ነው፤ መለኪያ አገር ሲሻገር ምን እንደሚሆን ከኢትዮጵያ የበለጠ በግልጽ ያየ አገር ጥቂት ነው። የሆላንዱ የአእምሮ ሐኪም ፍራንክ ኮርትማን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የዓለም ጤና ድርጅትን የራስ ሪፖርት መጠይቅ በኢትዮጵያ ሲመረምር፣ አዎና አይደለም የሚሉት መልሶች ከስሜት ብቻ እንደማይመነጩ አገኘ፤ መላሹ ጥያቄውን በሌላ መንገድ ተረድቶታል፣ ወይም መልሱ የሚያስከትለውን እያሰበ መልሷል። ከዚያ ወዲህ በቡታጅራ ገጠር ሻርሎት ሃንሎንና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ በስኮትላንድ ለወለዱ እናቶች የተዘጋጀው የኤዲንብራ የድብርት መለኪያ ታማሚዋን ከጤነኛዋ መለየት ላይ ደካማ ሆኖ ተገኘ። ይኸው መለኪያ ማርቆስ ተስፋዬና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ አበባ ሲፈትሹት በደንብ ሠራ። አንድ አገር፣ አንድ መለኪያ፣ የወለደች ሴት ሁሉ የምታውቀው ጉዳይ፤ ነገር ግን በከተማና በገጠር ውጤቱ ተለያየ። ኀዘንንና ድካምን የሚጠይቅ ወረቀት ቡታጅራ ላይ እንዲህ ከተንገዳገደ፣ ክፍል ተመለስ፣ ቢንቢ ስማ፣ የሆነውን እርሳ የሚል ወረቀት በባቲ፣ በዳዋ ሃረዋና በጅሌ ጥሙጋ ሳይፈተሽ ይሠራል ብሎ ማመን ያስቸግራል። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 457,278 ሕዝብ ነበረው፤ አብዛኛው ገጠሬ፣ አብዛኛው ሙስሊም፣ በቤቱ ኦሮምኛ፣ በገበያው ኦሮምኛና አማርኛ እያቀያየረ የሚናገር።

ቋንቋው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጊዜ ትርጉም ሲባል ቃል በቃል መቀየር ይመስለናልና። በእነዚህ ሚዛኖች ሥር ያለው ትልቁ ሐሳብ ምላሹ ያለ ፈቃድ መምጣቱ ነው፤ እጅህ የወረደው አንተ አውርደኸው ነው ወይስ በራሱ ወረደ? የእንግሊዝኛ ተናጋሪ በተራ ንግግሩ ራበኝ ለማለት ራሱን ባለቤት አድርጎ ስለሚናገር፣ ነገሩ በራሱ መጣብኝ ማለት ለእሱ ልዩ ምስክርነት ነው። በአማርኛ ግን ረኃቡ ራሱ አድራጊ ነው፤ ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ እንላለን። እጄ ከበደኝ ያለ ሰው ልዩ ምስክርነት አልሰጠም፤ ሰዋስው ያስተማረውን ተናገረ እንጂ። ኦሮምኛም ሕመምን በሚገልጽበት ጊዜ ሕመሙን አድራጊ፣ ታማሚውን ተቀባይ ያደርጋል። ስለዚህ በራሱ ሆነ ወይ የሚለው ጥያቄ ቀጥታ ከተተረጎመ ሁሉም አዎ ሊል ይችላል፤ ነጥቡም ያለ ምክንያት ያብጣል። በሌላ በኩል ደግሞ አማርኛ ፆታን ወይም ማዕረግን ሳይመርጥ አንድን ሰው ማዘዝ አይችልም። ለአንድ አባት ዓይንህን ጨፍን ብሎ የጀመረ ወጣት ባለሙያ ፈተናውን ከመጀመሩ በፊት ጨርሶታል፤ አንቱ ማለት ወይም እርስዎ ማለት፣ እናቴ ማለት ወይም ስም መጥራት፣ የመመሰጡ መንገድ የሚከፈትበት ወይም የሚዘጋበት ቁልፍ ነው። አንድ ወጥ ጽሑፍ ለሁሉም ይነበብ የሚለው የመለኪያው ሕግ እዚህ ላይ ከአክብሮት ሕግ ጋር ይጋጫል፤ ከሁለቱ ማን እንደሚያሸንፍ የታካሚዋን ፊት ያየ ያውቃል።

ከቃሉም በላይ ሁኔታው አለ። ባሏ ወይም እኅቷ ውጭ ቆመው፣ ከማታውቀው ወንድ ባለሙያ ፊት ዓይኗን እንድትጨፍን የተጠየቀች ሙስሊም ሴት አንድ ጆሮዋን ወደ በሩ ታደርጋለች። ዝቅተኛ ነጥብ ብታገኝ ያ እፍረቷ ነው፤ ጥንቃቄዋ ነው። ከጫት በፊት የተለካ ሰውና ምርቃናው በወጣበት ሰዓት የተለካ ያው ሰው አንድ ነጥብ ያመጣሉ ብሎ የሚከራከር ካለ የማስረዳቱ ሸክም በእሱ ላይ ነው። የረመዳን ከሰዓት በኋላና የሌላ ወር ጠዋትም እንዲሁ።

ይህ ሁሉ ሲባል የአካባቢው ሰው መመሰጥ አይችልም ማለት አይደለም። ከሚሴ የምትገኝበት ወሎ የወዳጃ አገር ነው። ሰው ሲታመም፣ ዝናብ ሲዘገይ፣ ሴት ምጥ ሲከብዳት ሰው ይሰበሰባል፤ ዕጣን ይጨሳል፣ ቡና ይፈላል፣ መንዙማው ይነሣል፣ ዱዓው ሲደረግ ተሰብሳቢው በአንድ ድምፅ አሚን ይላል። ዱበርቲ የሚባሉት ሴቶችም በራሳቸው ጉባኤ ያንኑ ያደርጋሉ። የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አህመድ ስለ 19ኛው መቶ ዘመን የወሎ እስልምና በጻፈው መጽሐፍ ይህ ሃይማኖታዊ ሕይወት ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር አሳይቷል። ወዳጃ ሂፕኖሲስ ነው አልልም፤ እንዲህ ያለው አባባል ለጸሎትም ለሳይንስም በደል ነው። የምለው ትኩረትን መሰብሰብ፣ ለቃል ራስን መስጠት፣ ከሕመም በላይ ወዳለ ነገር መነጠቅ፣ ለዚህ ሕዝብ እንግዳ ነገር አለመሆኑን ነው። እንግዳ የሚሆነው ብቻውን፣ በጸጥታ ክፍል ውስጥ፣ ከወረቀት ለሚያነብ ባዳ ይህን እንዲያደርግ መጠየቁ ነው። ከዚህ ተቃራኒ ያለውም ስሕተት እኩል ይከፋል፦ ገጠሬ ስለሆኑ፣ ዛርና ዱዓ ስለሚያውቁ በቀላሉ ይመሰጣሉ ማለት። ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ አጥኚ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ተቀምጦ የዛርን ሥርዓት ሲመዘግብ በውስጡ የቲያትርነት ጎን እንዳለ አስተዋለ፤ ሰዎቹ ያደርጉት የነበረው ነገር የቦታ፣ የሚናና የማኅበረሰብ ጉዳይ እንጂ የደካማ አእምሮ ምልክት አልነበረም። የቤንጋሉ ክርክር ወደ እኛ በሌላ ልብስ እንዳይመለስ መጠንቀቅ ያለብን እዚህ ላይ ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ግን የሚመጣው ከመለኪያው ደጋፊዎች ነው፤ በአግባቡ ላቅርበው። የሃርቫርድ መለኪያ በአውስትራሊያ፣ በጀርመን፣ በስፔን፣ በዴንማርክ፣ በጣሊያን፣ አስፈላጊ በሆነበትም እየተተረጎመ፣ ተፈትሿል፤ አማካይ ነጥቦቹም ከአሜሪካው ብዙ አልራቁም። ስለዚህ ተመሳጭነት ከባህል በላይ የሆነ የሰው ልጅ ጠባይ ነው፤ ኢትዮጵያን የተለየች ማድረግ ማጋነን ነው ይላሉ። የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ሊሆን ይችላል፤ እኔም የሰው ልጅ በመሠረቱ አንድ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን በእነዚያ አገሮች የተለኩት በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። የሮም ተማሪና የስታንፎርድ ተማሪ በብዙ ነገር ከሚለያዩት ይልቅ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ፈተና ለምደዋል፣ ሁለቱም ሙከራ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፣ ሁለቱም ታመው አልመጡም። የቡታጅራና የአዲስ አበባ ልዩነት ያስተማረንም ይህንን ነው፤ ድንበሩ ያለው በአገሮች መካከል ብቻ አይደለም፤ በአንድ አገር ውስጥ በክፍልና በማሳ መካከልም አለ። የ25 ዓመቱ ጽናትም አንድ ሰው ከራሱ ጋር ሲወዳደር የተገኘ ነው፤ ሚዛኑ ሌላ ሰው ላይ ልክ መሆኑን አያሳይም።

አንድ ሰው ቢያንስ ለደኅንነት እንለካ ቢለኝ ግን ቆሜ እሰማዋለሁ። ዴቪድ ስፒግልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 እንዳሳዩት፣ ከጦርነት የመጣ የሥነ ልቦና ቁስል ያለባቸው የቬትናም ዘማቾች የተመሳጭነት ነጥባቸው ከሌሎች ከፍ ያለ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ በአጣዬና በአካባቢው የደረሰውን ጥፋት፣ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ከሚሴ መድረሱን ለሚያስታውስ ሁሉ ይህ ግኝት ሩቅ አይደለም። ከፍተኛ ነጥብ እዚህ ላይ ስጦታ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ያላባራ ድንጋጤ የከፈተው በርም ሊሆን ይችላል። ስለዚህም ነው መለኪያው ራሱ የሚያስፈራኝ፤ ወደ ኋላ ተመለስ፣ ልጅነትህን ኑር የሚለው ፈተና፣ ኋላው የተቃጠለ ቤት ለሆነበት ሰው እንደ ቀላል ምርመራ ሊቆጠር አይገባም። ለደኅንነት የሚያስፈልገው ምን እንደደረሰበት፣ ድምፅ ይሰማው እንደሆነ፣ እንቅልፍ ያገኝ እንደሆነ በትሕትና መጠየቅ ነው፤ ይህንንም የሠለጠነ የጤና ባለሙያ ያለ ነጥብ ሊያደርገው ይችላል።

ታዲያ ምንም አይለካ ወይ? ይለካ፤ የሚለካው ግን ሕመሙ ይሁን። ቃጠሎ የደረሰበት ሰው ፋሻው ሊፈታ ሲል፣ ነርሷ የታዘዘውን ማስታገሻ ሰጥታ ጊዜውን ትጠብቅ፤ ቃሉ በመድኃኒቱ ላይ ይታከላል እንጂ በፍጹም አይተካውም። ሕመሙን በሚያውቀው መንገድ ትጠይቀው፤ ከዜሮ እስከ አሥር ማለት ካስቸገረ በጣት፣ በጠጠር፣ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ የማይቻል በሚሉ ቃላት። አስታማሚው እንዲቀመጥ ታድርግ። የምታደርገውን በስሙ ትንገረው፦ ይህ ድግምት አይደለም፣ ጸሎትዎንም አይነካም፣ ካልወደዱት ዓይንዎን ይክፈቱ፣ እኔም አቆማለሁ። ከዚያ እሱ በመረጠው ቋንቋ፣ እሱ በሚያውቀው ቦታ ላይ ትኩረቱን ትምራው፤ ለአንዱ የቦርከና ውኃ ነው፣ ለሌላው የሸንኮራው ጥላ፣ ለሦስተኛው የዱዓው ድምፅ። ሲያልቅ ያንኑ ጥያቄ ትድገምና ሁለቱን መልሶች ካርዱ ላይ ጎን ለጎን ትጻፍ። ተመሳጭነቱ ከፍተኛ ይሁን ዝቅተኛ አስቀድማ ማወቅ አያስፈልጋትም፤ ከሦስት ጊዜ የፋሻ ለውጥ በኋላ ካርዱ ራሱ ይነግራታል፤ ያልረዳውም ሰው ያጣው ጥቂት ደቂቃ ነው። ምርምር ሊሠራ የሚፈልግ ዩኒቨርሲቲ ካለ ከእነዚህ ካርዶች ይጀምር፤ የትኛው ቃል እንደሠራ፣ የትኛው አጠራር እንደዘጋ፣ ሴት ባለሙያ ስትናገርና ወንድ ሲናገር ምን እንደተለወጠ ይመዝግብ። ከእነዚህ መልሶች ፈተናዎቹን አውጥቶ በኦሮምኛም በአማርኛም ቢሠራቸው፣ ያኔ የሚወጣው ሚዛን የሁለተኛ ክፍል ወንበር አይጠይቅም። እስከዚያው ግን ፋሻው ከነገ ወዲያ እንደገና ይፈታል፤ ሕመሙ ዛሬ ስንት ነበር፣ አሁንስ ስንት ነው የሚለው ጥያቄም ያን ጊዜ ይደገማል።